ሣር ነው አልልም

ርእሱን እንድቀይር መጀመሪያ የነገረኝ አማካሪዬ ነበር።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየክረምቱ ደጋ እየወጣሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ቆይቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚቀርብበት ጊዜ ደረሰ። የክፍሌ ሰዎች አብዛኞቹ መጠይቅ ሊበትኑ ተሰናድተዋል፤ የአንድን ነገር «ተግዳሮቶችና መልካም ዕድሎች» በአንድ ወረዳ ውስጥ ሊያጠኑ ነው። እኔ በቆሎ ይዤ ቀረብኩ። በቆሎንና በቆሎ የወጣበትን የዱር ተክል ጎን ለጎን ዘርቼ፣ ፍሬያቸው ከአበባ ተነስቶ እስኪደርቅ እንዴት እንደሚያድግ እየሰነጠቅሁ ለማየት ነበር ያሰብኩት።

አማካሪዬ ወረቀቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋምቤላ ላቦራቶሪ አላችሁ?»

«አንድ ማይክሮስኮፕ አለን፣ ዶክተር።»

«ይሠራል?»

«መስታወቱን ወደ ፀሐይ ካዞሩት ይሠራል።»

ሳቀ። «ስሚኝ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። መጠይቅ ሥሪ፤ ቶሎ ትጨርሻለሽ። ይኼ ለትልልቅ የምርምር ጣቢያዎች የሚተው ነገር ነው።»

«ጋምቤላ ፀሐይ አይቸግርም» አልኩትና ወረቀቴን አንስቼ ወጣሁ።

«ለአንቺው ብዬ ነው» የሚለውን ቃል አልወደውም። ያደግሁት አቦቦ በኩል በሰፋሪዎች መንደር ነው። እናቴ ከወሎ የመጣችው በሰፈራው ዘመን፣ ገና ልጅ ሳለች ነው። ተሳፈሩ ያሏቸው «ለእናንተው ብለን ነው» እያሉ ነበር፤ ከደረሱ በኋላ ያዩአቸው ደግሞ እነዚህ ደገኞች ይኼን ሙቀትና ይኼን ወባ አይችሉትም፣ ክረምቱን አይሻገሩም አሉ። ብዙዎቹ በእርግጥም አልተሻገሩም። እናቴ ግን ተሻገረች፤ አግብታ ወለደች፤ እስከ ዛሬም ታርሳለች። እኔን በበቆሎ አሳድጋ በበቆሎ አስተማረችኝ። እንግዲህ ለእኔ ብሎ በቆሎ ተዪ የሚለኝን ሰው ምን ልበለው?

የዱሩን ዘር ያገኘሁት እዚያው ደጋ ለከብት መኖ ብለው ከሚያበቅሉ ሰዎች ነው። ቴዎሲንቴ ይሉታል፤ የትውልድ አገሩ የበቆሎም የትውልድ አገር የሆነው ሜክሲኮ ነው። የሰጡኝ እፍኝ አይሞላም። ቁልቁለቱን ወርደን ጋምቤላ ልንገባ ስንል ፍተሻ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ፈታሹ ቦርሳዬን ፈታ። የላስቲኳን ከረጢት ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቃት።

«ምንድነው? ጠጠር ነው?»

«በቆሎ ነው።»

አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሞከራት። ጥርሱን አመመው መሰለኝ ፊቱን አኮማትሮ ተፋት። «በቆሎ ይኼ ከሆነ እኔም ሚኒስትር ነኝ» ብሎ ከረጢቷን መለሰልኝ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። የተፋትን ፍሬ ከመሬት ፈልጌ አነሳኋት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ሳቁ።

ፈታሹ ግን እውነቱን ነው። የዱሩ ፍሬ ለዓይን ጠጠር ነው፤ ሦስት ማዕዘን፣ ግራጫ፣ እንደ አጥንት የደረቀ ቅርፊት ውስጥ ተቀርቅሮ የተቀመጠ። በቆሎ ፍሬውን ራቁቱን ቆረቆንዳው ላይ ደርድሮ ይሰጣል። ዱሩ ይደብቃል። የበቆሎ ራስ ሰው ካልፈለፈለው የትም አይሄድም፤ እንዳለ ቢወድቅ ቡቃያው እርስ በርሱ ተናንቆ ያልቃል። የዱሩ ግን ሲደርስ አንድ በአንድ ይረግፋል፤ ሰው አያስፈልገውም። ከዚህ ተነስቶ እዚያ የደረሰው እንዴት ነው? የእኔ ጥያቄ ፍሬው ገና ሲፈጠር፣ ገና ውሃ ሳለ፣ መንገዳቸው የሚለያየው መቼ ነው የሚል ነበር።

መስከረም እንደገባ ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ያለውን ጓሮ ቆፈርኩ። አጥሩን ተከትሎ አንድ ረድፍ በቆሎ፣ መሐሉ ላይ ሌላ በቆሎ፣ ከዚያ የዱሩ። በቆሎው ወዲያው በቀለ፤ የዱሩ ግን አንድም ብቅ ያለ አልነበረም። ጠበቅሁ። ቆይቼ አፈሩን ስፈትሽ ፍሬዎቹ እንደዘራኋቸው ተቀምጠዋል፤ ውሃ እንኳ አላስገቡም። የቀሩትን የቅርፊታቸውን ጫፍ በፒንሳ ሰብሬ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሬ እንደገና ዘራሁ። አሁን በቀሉ። ከእነሱ ጋር እንዲገጥም ብዬ በቆሎም ጨመርኩ።

ቡቃያው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ነው ሞንታርቦ የጫነች መኪና በሰፈሩ ያለፈችው። ከመኖሪያ ቤት አጠገብ በቆሎና ማሽላ መዝራት ተከልክሏል፤ የተዘራውም ይቆረጣል ትላለች። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሌባ ይደበቅበታል፣ ትንኝ ይራባበታል።

ግቢውን የምጋራት አኝዋክ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ አብራኝ ሰማች። በቆሎዋ ያለው ባሮ ዳር ነው፤ ውሃው ሲሸሽ እርጥቡ ላይ ትዘራለች።

«ቲቸር፣ ያንቺን ነው የሚሉት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ትነቅያለሽ?»

«አልነቅልም።»

«እንግዲያ አጥሩን እናጥብቀው» አለች። በሰንበቱ ሣር አመጣች፤ እኔ ገመድ ገዛሁ፤ አጥሩን አጠበቅነው። በቆሎ ግን አጥር አይሰማም፤ ሽቅብ ሄደ።

ኅዳር ላይ ሁለቱም ማበብ ጀመሩ። በቆሎና ዱሩ አንዱ የአንዱን ብናኝ ይቀበላሉ፤ ከተደባለቁብኝ ደግሞ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሴቴዎቹ ፀጉር ሳያወጡ በፊት በወረቀት ከረጢት ሸፈንኳቸው። የበቆሎው ቀላል ነው፤ ራሱ ትልቅ ነው፣ ግንዱ ላይ ይታያል። የዱሩ እንደ ቁጥቋጦ ብዙ ቅርንጫፍ ነው፤ ሴቴዎቹ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ሆነው በየቅጠሉ ብብት ተሸሽገዋል። አጎንብሼ ስፈልግ ወገቤ ተቆረጠ።

ፀጉራቸው ወጥቶ ብናኝ መነስነስ ባለብኝ ሰሞን ብርድ ብርድ አለኝ። ጋምቤላ ውስጥ በዚያ ሙቀት መሐል ጥርስሽ ከተንቀጫቀጨ ሐኪም አያስፈልግሽም፤ ታውቂዋለሽ። ያም ሆኖ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሜን ያየችው ከደጋ የመጣች ጤና ባለሙያ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ከቀበሌው ጋር ሆና ክልከላውን ያስወሰነችው እሷ መሆኗን አውቃለሁ፤ እሷም የእኔን ጓሮ ታውቃለች።

«ወባ ነው» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «በቆሎው እንዴት ነው?»

«አብቧል።»

«የበቆሎ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የትንኙ እጭ ይበላዋል። ይወፍርበታል። እኔ ሌባውን ትቼዋለሁ፤ የእኔ ጉዳይ ይኼ ነው። አሁን ራስሽ ታመምሽ።»

«እኔ በቆሎ ባልዘራሁበት ዓመትም ታምሜያለሁ፣ ሲስተር።»

«ምላስሽ አልታመመም!» ብላ መድኃኒቱን ሰጠችኝ።

ቤቴ ገብቼ ወደቅሁ። ፀጉሩ ተሸፍኖ ብናኝ እየጠበቀ ነው፤ ብዙ ከዘገየ ይደርቃል። ጎረቤቴ ውሃ ይዛልኝ ስትገባ እያለቀስኩ አገኘችኝ።

«ትኩሳቱ ነው?»

«አይደለም። በቆሎው ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ከላይ ያለው ወንዱ ነው፤ ወረቀት ውስጥ አራግፊው። ቢጫ ዱቄት ይወርዳል። ሴቷን ግለጪና ፀጉሯ ላይ ነስንሺ፤ መልሰሽ ሸፍኚ። የበቆሎውን ለበቆሎ፣ የዱሩን ለዱሩ።

«እንዴ፣ ጋብቻ ነው በይኛ!»

«ጋብቻ ነው።»

«ካቀላቀልኩትስ?»

«ይወልዳሉ። ግን እኔ አልፈልግም።»

«ከወለዱማ ዘመድ ናቸው» አለችና ወጣች። በመስኮቱ በኩል ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ እሷም በቋንቋዋ ዝቅ አድርጋ ስታንጎራጉር ይሰማኝ ነበር። በነጋታውም፣ ከዚያ በነጋታውም መጣች። አንድም አላቀላቀለችም።

ከተነሳሁ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት በግቢውና በአጥሩ ዙሪያ ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶችን በአፈር መድፈን ነው። ሲስተር ያለችው እውነት ነው፤ እውነትን ደግሞ ከማን አፍ ወጣ ብዬ አልመርጥም። በቆሎዬን ግን አልቆርጥም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ለገበያ ከመንደር መጥታ እኔ ጋ አደረች። ጓሮውን ዞረች። የበቆሎውን ራስ በእጇ ጨብጣ መዘነች፤ ወደ ዱሩ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ይኼ ምንድነው?»

«የበቆሎ አያት ነው፣ እማ።»

ቅጠሉን ገልጣ ያችን ትንሽ ሴቴ አየቻት። «ይረግፋል አይደል?»

«ይረግፋል።»

«ረግፎ ይበቅላል፤ በቆሎ ውስጥ በቆሎ መስሎ ይበቅላል፤ ያራሚ ዓይን አይለየውም። ከዚያ ማን ያጠፋዋል? አንቺ ዲግሪሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኛ ስናርም እንኖራለን።»

ነጭ ሻሽ ገዝቼ ነበር፤ ቆራርጬ ትንንሽ ከረጢት እየሰፋሁ መሆኔን አሳየኋት። እያንዳንዷን ሴቴ ሳትደርስ በፊት አጠልቅላታለሁ፤ የረገፈው ሻሹ ውስጥ ይቀራል፤ አገዳውን አቃጥላለሁ አልኳት። እናቴ መርፌውን ከእጄ ወሰደችና ስፌቴን ፈትታ ጠበቅ አድርጋ መስፋት ጀመረች። «ወደ መንደር ግን አንዲት ፍሬ እንዳታመጪ» አለች ቀና ሳትል። «ካመጣሽ ልጄ አይደለሽም።»

«አላመጣም።»

ከዚያ እየሰነጠቅሁ ማየት ጀመርኩ። ምላጭ፣ ማጉያ መነጽር፣ የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕና ፀሐይ። እያንዳንዱ የበቆሎ ፀጉር ክር ወደ አንድ ፍሬ የሚወርድ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ይወርዳሉ፤ አንዱ ፅንሱን ይሠራል፣ ሌላው የፅንሱን ስንቅ። እኛ የምንበላው ገንፎ አብዛኛው ያ ስንቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተክሎች አይለያዩም፤ ትንሽ ነጭ እንቡጥ፣ ውስጧ ውሃ። ከዚያ በቆሎው ያብጣል፤ ሽፋኑ ቀጭን ገለባ ስለሆነ የሚይዘው የለም፤ ጎረቤቱን እስኪገፋ ድረስ ያብጣል። በዱሩ ግን ፍሬው ገና ወተት ሳለ ዙሪያው ያለው ቅርፊት ጥፍር አላስገባ አለኝ። ቤቱ ቀድሞ ይዘጋል፤ ፍሬው በተሰጠው ክፍል ልክ ይሞላል። ይኼን በገዛ ዓይኔ ያየሁ ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ብቻዬን እልል ልል ቃጣኝና ጥበቃው እንዳይደነግጥ ብዬ ተውኩት።

ወተቱ ሳይጠና ነው የመጡት። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሲስተር፣ ገጀራ የያዙ ሰዎች። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ቤት መሆኔን አውቀው ነው።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ ጓሮው ውስጥ ገባና በቆሎውን አየ፤ ቀጥሎ የዱሩን ቅርንጫፍ አገላበጠ። በየቅጠሉ ብብት ነጭ ሻሽ ተንጠልጥሏል።

«መምህር፣ ይኼ ምንድነው? ታሞ ነው ፋሻ ያሰርሽለት?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ትእዛዙ በቆሎና ማሽላ ይላል» አለ። «ይኼ ግን በቆሎ አይደለም። ራስም የለው። እኔ አንቺን መጉዳት አልፈልግም። ሣር ነው በይ፤ ይኼን እንተውልሽና በቆሎውን እንቁረጥ። ሣር ለከብት አልተከለከለም።»

በቅንነት ነው ያለው። አንዲት ቃል ነበረች፤ ብላት ግማሹ ይተርፍልኛል። ጎረቤቴ በሯ ላይ ሆና በዓይኗ «በይ» አለችኝ። እኔ ግን ወራት የለፋሁት ይኼ ሣር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ፈታሹ ጠጠር አለው፤ አማካሪዬ ተዪው አለኝ፤ አሁን ደግሞ በገዛ አፌ ሣር ልበለው?

«ሣር ነው አልልም» አልኩት። «በቆሎ ነው። የበቆሎ አያት ነው። ሌላ መስካሪ ባይኖረው ትውልዱን እኔ እመሰክርለታለሁ።»

«እንግዲያ ሁለቱም ይቆረጣል።»

«ይቆረጣል። ግን የሚቆረጠው ከላይ ያለው አበባ ነው፤ መጀመሪያ ይስሙኝ።»

አንዱን የበቆሎ ራስ ገለጥኩና ለሲስተር አቀረብኩላት። ፍሬውን በጥፍሬ ስወጋው ወተቱ ጉንጯ ላይ ፈነጠቀ። ጠረገችው።

«ይኼ ወተት ካለ የወንዴው አበባ ሥራ አልቋል ማለት ነው። ከእንግዲህ ብናኝ ለአንዲት ፍሬም አያስፈልገኝም። የወንዴውን አበባ ከሁሉም እቆርጣለሁ፤ አሁን፣ ፊታችሁ። ብናኝ ከሌለ እጩ ምን ይበላል?»

«ለምን እስካሁን አልቆረጥሽውም?» አለች ሲስተር። ጥያቄዋ ልክ ነበር።

«የዱሩ ማበቡን ስላልጨረሰ ነው። ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ አሁን ግን የያዘው ፍሬ ይበቃኛል። ጉድጓዶቹን ግን ሁሉንም ደፍኛለሁ፤ ዞረሽ እዪ።»

ዞራ አየች። ከአጥሩ ውጭ ሳይቀር ሄዳ አየች። ስትመለስ ለሊቀመንበሩ «በእኔ በኩል አበባው ከወረደ ይበቃኛል» አለችው።

«በእኔ በኩል ደግሞ አጥሩ ሥር ሌባ ይደበቃል» አለ እሱ፤ ለገጀራዎቹም ምልክት ሰጠ።

ከአጥሩ አጠገብ ያለውን ረድፍ ቆረጡት። መሐሉ ላይ ቆሜ ነበር፤ ወደ እኔ ሲመጡ አልተንቀሳቀስኩም። አንደኛው ሰውዬ ገጀራውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ ሲስተርን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

«ሲደርስ ራስሽ ትቆርጪዋለሽ?»

«ሲደርስ ራሴ እቆርጠዋለሁ። ሳይደርስ ግን ማንም አይቆርጠውም።»

«አንቺ ሴትዮ!» አለና ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ሄዱ። የተቆረጠው ረድፍ መሬት ላይ ተጋድሞ ወተቱ ይንጠባጠባል፤ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ጎረቤቴ መጥታ አገዳውን ለፍየሎቿ ሰበሰበች። «አንድ ቃል ነበር እኮ፣ ቲቸር» አለችኝ። ከዚያ መቀስ አምጥታ አብረን የወንዴውን አበባ ሁሉ እየቀነጠስን አወረድን።

የቀሩት ደረሱ። የበቆሎው ፍሬ ሥሩ ላይ ጥቁር ነጥብ እስኪያወጣ፣ የዱሩ ሻሹ ውስጥ እስኪረግፍ ድረስ ጠበቅሁና በቃሌ መሠረት ራሴ ቆረጥኩ። አገዳውንም አቃጠልኩ።

ጽሑፌን ለመከላከል ደጋ ስወጣ አማካሪዬ በማይክሮስኮፑ እያየሁ የሣልኳቸውን ሥዕሎች አገላብጦ «በፀሐይ ነው ያልሽኝ?» አለ። ከሌላ ቦታ የመጣው ፈታኝ ግን አልተመቸውም።

«ጥሩ ነው» አለ። «ነገር ግን ይኼ ለጋምቤላ ገበሬ ምን ይጠቅማል?»

«የጋምቤላ ሰው የሚጠቅመውን ብቻ ነው ማወቅ ያለበት ያለው ማነው?» አልኩት። «እናቴ የጋምቤላ ገበሬ ናት። በእጇ የያዘችው ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ መብቷ ነው። ጥቅሙን ከፈለጉ ደግሞ፣ ማወቁ ራሱ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። አማካሪዬ ወደ ጣሪያው አየ። ውጤቴ «በጣም ጥሩ» ሆነ፤ «እጅግ» የምትለዋን ቃል ያስቀነሰብኝ ያ መልስ እንደሆነ አማካሪዬ ቆይቶ ነገረኝ። ትቅር።

የከተማው ክልከላ አሁንም አለ። ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ቃሪያ ነው ያለው። ትምህርት ቤታችን ግን ከመኖሪያ ቤት የራቀ ሰፊ ግቢ አለው፤ ርእሰ መምህሩን ከቤተ ሙከራው ጀርባ አንድ ማዕዘን ጠየቅሁት። ሲስተር መጥታ ውሃ የሚያቁር እንደሌለ አይታ ፈቀደች። ተማሪዎቼ በቆሎ ይዘራሉ፤ ፍሬውን በየደረጃው በምላጭ እየሰነጠቁ በፀሐይ ብርሃን ያያሉ። ባለፈው ርእሰ መምህሩ በመስኮት ጠራኝ።

«መምህርት፣ ይኼ ነገር እስከ መቼ ነው?»

«እስካስተማርኩ ድረስ» አልኩትና ወደ ልጆቹ ተመለስኩ።